ማሲንቆው አንድ ቀን ከመስታወቱ ይውጣልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ከረማችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ሙዚየም ሄጄ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ቲኬት ቆርጠን ገባን እና ትንሹ ልጄ ማሲንቆውን ሲያይ በሁለት እጁ መስታወቱ ላይ ልጥፍ ብሎ "እማዬ፣ ድምፁ እንዴት ነው?" አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ጥበቃው ልጁን ከመስታወቱ አንሺው አለኝ፣ ሥራው ስለሆነ አልፈርድበትም፣ ግን ልጄ ድምፁን ሳይሰማ ነው የተመለሰው።

እኛ ልጅ ሆነን ማሲንቆ የምናውቀው ሰርግ ዳስ ውስጥ ነው። አዝማሪው ሳይጀምር የደጋኑን ጭራ ዕጣን ላይ ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል፣ አጠገቡ ቁጭ ብለን እናያለን፣ ካለበለዚያ ጭራው ጅማቱ ላይ እየተንሸራተተ ድምፅ አይወጣውም። ከዛ ትልልቆቹ "ተቀበል!" ብለው ስንኝ ሲሰጡት እሱ በዜማ አድርጎ ይመልሳታል፣ አንዴ የኔን ስም አስገብቶልኝ ሳምንት ሙሉ ስዘፍናት ነበር። አሁን ሰርጉ በዲጄ ሆኗል። አዝማሪ ቤት አለ በእርግጥ፣ ግን ማታ ነው፣ መጠጥም አለ፣ ሕፃን ይዘሽ አትገቢም። ታዲያ ልጆቻችን የት ይስሙት? በቲክቶክ?

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ሙዚየሞቻችን በዓመት አንድ ቀን ለቤተሰብ በነፃ ይከፈቱልን። ቀኑም አለ እኮ፣ ግንቦት 10 የዓለም ሙዚየሞች ቀን ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1977 ጀምሮ የሚከበር ነው፣ በብዙ አገር በዛ ቀን መግቢያ አይከፈልም። የመስታወቱ ዕቃ እዛው ይቀመጥ፣ ግቢው ውስጥ ግን ለልጅ እጅ የሚሰጥ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት ይኑር። ከበሮም ይኑር፣ ልጆቹ አንገታቸው ላይ አንግተው በሰፊውና በጠባቡ አፍ ይምቱት፣ ድምፁ ለምን እንደሚለያይ በጆሯቸው ያውቁታል። የቤተክርስቲያኑ ከበሮ ላይ የተወጠረው ጠፍር የጌታ ግርፋት ምሳሌ መሆኑን ደግሞ የሚያስረዳቸው መሪጌታ አይጠፋም።

በዛ ቀን የልጆች ሰልፍም ቢኖር ደስ ይለኛል። ሰልፍ ስል ታቦት ይውጣ አላልኩም፣ እሱ የራሱ ቀን አለው፣ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል። ግን በጥር 11 ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልለው እየሮጡ ወደ ፊት የሚዘረጉትን ወጣቶች አይታችኋል አይደል? ይሄን ሥርዓት የሚያውቁ ልጆች ያሉባት ከተማ ሰልፍ አይቸግራትም። ከጣና ዳር በዘንባባው ሥር የየሰፈሩ ልጅ በሆታ ይምጣ፣ የነገደ ወይጦ አባቶች የደንገል ታንኳቸውን ይዘው ይምጡ፣ የመንዙማው ድቤም አይቅር፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ከምናያቸው የአገው ፈረሰኞችም ጥቂት ቢጋበዙ ልጆቹ ፈረሱን ከነጌጡ በቅርብ ያዩታል።

በነፃ ስል ለተመልካቹ ነው እንጂ ለአዝማሪው አይደለም፣ ለሱ በደንብ ይከፈለው፣ እንጀራው ነው። ድንኳንና ወንበር ከዕድር ይገኛል። ቡናውን እኛ እናፈላለን፣ የሰፈሬን ሴቶች ጠይቄ አምስቱ ከወዲሁ እሺ ብለውኛል፣ አንዷ ቆሎውን በኔ ጣሉት ብላለች።

አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር