«ላቭ» ቤት ሲያጣ፦ የእንግሊዝኛ ግጥምና የዘፈን ግጥም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን የዘንድሮውን ሥራ የጀመረው የተለያዩ የግጥም ቅርጾችን በየተራ ለማጥናት አቅዶ ነበር፤ ዕቅዱ ግን ገና በመጀመሪያው ወር በአንድ ቃል ምክንያት አቅጣጫውን ቀየረ። አባላቱ ለመግቢያ ያህል በእንግሊዝኛ አጫጭር ግጥሞችን ጽፈው እንዲያመጡ በተጠየቁ ጊዜ አብዛኞቹ ስለ ፍቅር ጻፉ፤ ከጻፉትም ብዙዎቹ «ላቭ» የሚለውን ቃል በስንኝ መጨረሻ ላይ አስቀምጠው፣ በሚቀጥለው ስንኝ ወይ ርግብ አበረሩ፣ ወይ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። አንዱ ከሌላው ኮርጆ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። ሁሉም የተጓዙት ቋንቋው ራሱ በከፈተላቸው ጠባብ መንገድ ስለሆነ፣ ዓመቱን በዚሁ ቃል ዙሪያ ለመሥራት ተስማማን።

በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ሙሉ በሙሉ ቤት መቱ የሚባለው፣ ጫና ያረፈበት የመጨረሻው አናባቢና ከእርሱ በኋላ ያለው ድምፅ ሁሉ አንድ ሲሆን፣ ከአናባቢው በፊት ያለው ተነባቢ ደግሞ ሲለያይ ነው። በዚህ ሚዛን «ላቭ»ን የሚገጥሙት የዘወትር ቃላት ከአራት እምብዛም አያልፉም፦ ከላይ የሚል ትርጉም ያለው «አባቭ»፣ ርግብ የሆነው «ዳቭ»፣ ጓንት የሆነው «ግላቭ» እና መገፍተር የሆነው «ሻቭ»። አሜሪካውያን ጠበቅ አድርገው ሲናገሩት «ኦቭ» የሚለው መስተዋድድም ሊገጥም ይችላል፤ ነገር ግን ስንኝን በመስተዋድድ ጨርሶ ዐረፍተ ነገሩን ሳያንጠለጥል የሚሄድ ጀማሪ ጥቂት ነው። በግጥምና በዘፈን እጅግ ተደጋግሞ የሚነሳ ቃል ይህን ያህል ዘመድ አልባ መሆኑ እኔንም ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የአባላቱ ጆሮ በአማርኛ ግጥም የተቃኘ መሆኑ ሌላ ችግር አስከተለ። በአማርኛ ቤት የሚመታው የስንኙ የመጨረሻ ፊደል ስለሆነ፣ «ሰላም» እና «ዓለም» በ«ም» አልቀው ያለ ክርክር ይገጥማሉ። በዚህ ልማድ አንድ አባል «ላቭ»ን ከ«ጊቭ» እና ከ«ፋይቭ» ጋር ገጥሞ አቀረበ፤ ሦስቱም በ«ቭ» ስለሚያልቁ ለእኛ ጆሮ ጉድለት አይታይባቸውም፤ አናባቢያቸው የተለያየ በመሆኑ ግን እንግሊዝኛ እንደ ሙሉ ቤት አይቀበላቸውም። በተቃራኒው፣ ባሕር የሆነው «ሲ» እና ዛፍ የሆነው «ትሪ» በእንግሊዝኛ እንከን የሌለበት ቤት ሲሆኑ፣ በእኛ ፊደል አንዱ በ«ሲ» ሌላው በ«ሪ» ስለሚያልቅ አይገጥሙም። በዚህ ጉዳይ የተካሄደው ክርክር ረጅምና የጋለ ስለነበር ከዓመቱ ክፍለ ጊዜያት ሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የእንግሊዝኛ አጻጻፍም የራሱን ወጥመድ ዘርግቷል። «ሙቭ» እና «ፕሩቭ» በወረቀት ላይ ሲታዩ መጨረሻቸው ከ«ላቭ» ጋር አንድ ነው፤ ሲነበቡ ግን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1609 ከታተሙት የሼክስፒር ሶኔቶች (ባለ አሥራ አራት ስንኝ ግጥሞች) መካከል 116ኛው የሚያልቀው «ፕሩቭድ»ን ከ«ላቭድ» ጋር በማጣመር ሲሆን፣ የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት በዚያ ዘመን የሁለቱ ቃላት ድምፅ ከዛሬው ይልቅ ይቀራረብ ነበር። ድምፁ ሲለወጥ አጻጻፉ ባለበት ስለቀረ፣ ያኔ ለጆሮ የተጻፈው ዛሬ በአብዛኛው ለዓይን ብቻ የሚገጥም ሆኗል። ጆን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1775 ያሳተመው የቤት መምቻ መዝገበ ቃላትም ቃላቱን የደረደረው ከመጨረሻ ሆሄያቸው ወደ ኋላ በመቁጠር ስለነበር፣ እንዲህ ያሉትን ቃላት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ስለዚህ በክበባችን ማንም ሰው ጮክ ብሎ ሳያነብ ግጥም እንዳያስረክብ ደንብ አወጣን።

ከዚህ በኋላ ዋናው ጥያቄ መጣ። በእኔ አስተያየት የ«ላቭ» ችግር የቤት ማነስ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚገጥም ቃል የራሱን ሥዕል ይዞ ስለሚመጣ ጸሐፊው ሊል ያሰበውን ትቶ ሥዕሉን እንዲከተል ያስገድደዋል። እንግሊዛዊው ገጣሚ አሌክሳንደር ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1711 በወጣው ስለ ሂስ በጻፈው ግጥሙ ነፋሻ አየር የሆነው «ብሪዝ» በታየበት ሁሉ ዛፎች የሆኑት «ትሪዝ» በሚቀጥለው ስንኝ መከተላቸው እንደማይቀር ተሳልቆ ነበር። አንባቢ ቤቱን ቀድሞ ካወቀው ስንኙ ሳይነበብ ያለቀ ያህል ነው።

አንድ የአሥረኛ ክፍል አባል ግብ ጠባቂ ስለሆነው ታላቅ ወንድሙ የጻፈው ግጥም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ሆነን። በመጀመሪያው ረቂቅ የወንድምየው ፍቅር እንደተለመደው ከላይ፣ ከ«አባቭ» የወረደ ነበር። ወንድሙ ሲያደርግ ያየውን አንድ ነገር እንዲነግረን ስንጠይቀው፣ ከጨዋታ በፊት የተቀደደ ጓንቱን በመርፌ ሲጠቅም እንደሚያየው ተናገረ። ከብዙ መሰረዝና መደለዝ በኋላ ያመጣው ይህ ነው፦ «ሂ ስቲችት ዘ ፊንገር ኦቭ ሂዝ ግላቭ / ኤንድ ዲድ ኖት ሴይ ኧ ዎርድ ኦቭ ላቭ»፤ የጓንቱን ጣት ሰፋ፣ ስለ ፍቅርም አንዲት ቃል አልተነፈሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ ጓንቱ ለቤት ሲባል የተጎተተ ዕቃ አይደለም፤ ጉዳዩ ራሱ ነው። የቃላቱ ቅደም ተከተልም ልብ ሊባል ይገባል። «ላቭ» ቀድሞ «ግላቭ» ቢከተል ኖሮ ጓንቱ ተፈልጎ እንደመጣ ያስታውቅ ነበር፤ እንግዳው ቃል ሲቀድምና የተለመደው ሲከተል ግን ልፋቱ አይታይም። ይህን ብልሃት ከዚያ በኋላ ሁሉም ተጠቀመበት፤ አንዳንዶቹም ከልክ በላይ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ዘፈን ግጥም ስንሻገር ነገሩ ቀለል አለ። ዘፋኝ አናባቢውን አስረዝሞ የመጨረሻውን ተነባቢ ስለሚያለዝበው፣ ሲነበብ ጎዶሎ የሚመስለው ቤት ሲዜም ይሞላል። «ላቭ»ን በቂ የሚል ትርጉም ካለው «ኢናፍ» ጋር አድርገን ሞከርነው፤ «ቭ» እና «ፍ» በአፍ ውስጥ የሚፈጠሩበት ቦታ አንድ ሲሆን ልዩነታቸው የጉሮሮ ንዝረት መኖር አለመኖር ብቻ ስለሆነ፣ በአዝማቹ ላይ ልዩነቱን የለየ አድማጭ አልነበረም። «በቃኝ» ወይም «አልበቃኝም» ማለት ደግሞ ከርግብ ይልቅ ለፍቅር ይቀርባል። ሁለት ቃላትን አጣምሮ መግጠምም ተለመደ፤ «ላቭ ኸር» በፍጥነት ሲባል «ኸ» ስለሚዋጥ «ካቨር» ወይም «ዲስካቨር» ከሚሉት ጋር ይስማማል። ቃሉን ከስንኝ መጨረሻ አንሥቶ መሐል ላይ መጣልም ቀላሉ መውጫ ነው፤ ቶሎ ያልታየን ቀላል ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም።

«ዳቭ»ን ለአንድ መንፈቅ ዓመት ከልክለን ነበር፤ ክልከላውን በዓመቱ መጨረሻ አንስተናል። የተመረጡት ግጥሞች በዚህ መጽሔት የሥነ ጽሑፍ ገጾች ላይ ታትመዋል። ለሚቀጥለው ዓመት አባላቱ ድምፅ ሰጥተው የመረጡት «ዎርልድ» የሚለውን ቃል ነው። የሚገጥሙት «ከርልድ»፣ «ኸርልድ»፣ «ስወርልድ» እና መሰሎቻቸው በአብዛኛው የኃላፊ ጊዜ ግሦች ስለሆኑ፣ ስለ ዓለም በአሁን ጊዜ መጻፍ የሚፈልግ ሁሉ ከወዲሁ ቢዘጋጅ ይሻላል።