ዜብራ ላይ ስልክ የለም፦ ለትምህርት ቤታችን የድጋፍ ጥሪ

ጎረቤቶች፣ ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ እጃችሁን ዘርጉልን።

አሥር ሰዓት ላይ የትምህርት ቤታችን በር ጋ ቁሙና እዩ። ልጆቹ ግር ብለው ይወጣሉ። ሁለት ሴት ልጆች አንድ ኢርፎን ተካፍለው፣ ገመዱ እንዳይነቀል ተጠጋግተው፣ ቲክቶክ እያዩ ዜብራውን ይሻገራሉ። ወደ መገናኛ የሚበረው ሚኒባስ ክላክሱን ያንባርቃል። ቀና የሚል የለም።

የሞተር ድምፅ ያስጠነቅቃቸዋል እንዳንል፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፤ ቀስ ብሎ ሲመጣ አጠገብ እስኪደርስ አይሰማም። ጆሮውም ዓይኑም የተያዘ ልጅ በምን ይወቀው? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንዷን መልእክት ለማንበብ ሦስት ሰከንድ ብታቀረቅር መኪናው 40 ሜትር ቀርቧል። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ደግሞ እግረኞች ናቸው።

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ነው እያልን አይደለም። የሚከንፍ ሾፌር አለ፣ ቀለሙ የለቀቀ ዜብራ አለ፤ እሱንም የሚመለከተውን ክፍል እየጠየቅን ነው።

ምክርማ ጠግበዋል። «ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ» የሚለውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል። እኛ ያሰብነው ግቢው ውስጥ የልምምድ መንገድ መሥራት ነው። ሲሚንቶው ላይ ዜብራ ይቀባል። አንዱ ልጅ መጀመሪያ ኢርፎን ሰክቶ፣ ቀጥሎ ስልክ እያየ፣ በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይሻገራል፤ ጓደኛው ከጎን በብስክሌት ቀስ ብሎ ይመጣና፣ ብስክሌቱ ሊደርስ ስንት እርምጃ ሲቀረው ተሻጋሪው እንዳየው እዚያው ይለካል። ልዩነቱን በገዛ ዓይኑ ያየ ልጅ ቤት ገብቶ ለታናናሾቹም ይነግራል፣ ለእኛም ለወላጆቹ ጭምር፣ ምክንያቱም ስልክ እያዩ የሚሻገሩት እነሱ ብቻ አይደሉም።

የሚያስፈልገን ቀለም፣ ለተማሪ ትራፊኮቹ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ፊሽካ፣ «ቁም» የሚል ምልክትና ሁለት ብስክሌት ነው። ቀለም ቀቢ ወላጆች ጉልበታቸውን በነፃ ሰጥተውናል። የግማሽ ዓመቱ እረፍት ላይ፣ ዝናብ ሳይመጣ መጨረስ እንፈልጋለን።

ከ100 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን አዋጡ። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ቤተሰብ በኩል መላክ ትችላላችሁ። ገንዘቡ የሚገባው በወላጅ ኮሚቴው ስም በተከፈተ አካውንት ነው፤ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ሲሆን ደረሰኙ ሁሉ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። የአካውንት ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን። የማትጠቀሙበት ብስክሌት ካላችሁም ጎማው የተነፈሰ ቢሆን እንኳ አምጡት፣ እናስጠግነዋለን።