ከትንበያው እስከ ተኩሱ ያሉትን ወራት ተጠቀሙባቸው፦ ለፀጥታው ምክር ቤት አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት አባል አገሮች ተወካዮች
ኒው ዮርክ

ክቡራንና ክቡራት፣

ጁላይ 20 ቀን 2011 ምክር ቤታችሁ የአየር ንብረት ለውጥ በዓለም ሰላም ላይ ስለሚያሳድረው ጫና ተወያይቶ በፕሬዚዳንቱ በኩል መግለጫ አወጣ። በዚያው ዕለት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በደቡብ ሶማሊያ በባኮልና በታችኛው ሸበሌ ረሃብ መግባቱን በይፋ አወጀ። ዝናቡ እንደሚያጥር የሚያመለክተው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ የወጣው ከዚያ አሥራ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። በዚያ ቀውስ ያለቀው ሰው 260 ሺህ ይጠጋል፤ ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ ምክር ቤቱም ጉዳዩን ያውቀው ነበር። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ፣ በእነዚያ ወራት ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የደነገገ አሠራር ነው።

እኛ በድርቅና በግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ በግጦሽና በውኃ አስተዳደር፣ በማኅበረሰቦች መካከል በሚካሄድ ሽምግልና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምንጽፍላችሁ አዲስ ታላቅ መግለጫ እንድታወጡ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በትንበያውና በተኩሱ መካከል ያሉት ወራት የሥራ ወራት ይሁኑ፤ ይህም በየሰላም አስከባሪ ተልዕኮው ማንዴት፣ ማለትም ምክር ቤቱ ለተልዕኮው በሚሰጠው የሥራ ትእዛዝ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

በመጀመሪያ ለምንናገረው ነገር ልክ እናብጅለት። ድርቅ በራሱ ጦርነት አያስነሳም። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2022 ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው፣ የአየር ንብረት በግጭት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከኢኮኖሚና ከማኅበራዊ ምክንያቶች ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። ዳርፉር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ብዙዎች የ2003ቱን ጦርነት በቀጥታ ከዝናብ እጥረት ጋር ያያይዙታል። ዝናቡ በግልጽ የቀነሰው ግን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ጦርነቱ ከመነሳቱ ሦስት አሥርት ዓመታት በፊት ነው። በመካከሉ የተለወጠው ሌላ ነገር ነበር። በ1971 የካርቱም መንግሥት ባህላዊውን የአካባቢ አስተዳደር ሲያፈርስ፣ ከብት በየት በኩል እንደሚያልፍና የማሳ ካሳ ስንት እንደሆነ የሚዳኘው አካል ጠፋ። ምድሩ ሲጠብ ዳኛው አልነበረም፤ በኋላ ደግሞ መሣሪያው መጣ። ስለዚህ ከዝናብ ማጠር እስከ ግጭት ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማየት ያስፈልጋል፤ መንገዱ ሊቆረጥ የሚችለው በየደረጃው ነውና።

አንዱ ደረጃ የጊዜ መዛባት ነው። በማሊ የኒጀር ወንዝ የውስጥ ደልታ ሞልቶ በሚፈስበት ወቅት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን በዙሪያው ባለው ደረቅ ምድር ያቆያሉ። ውኃው ሲሸሽ ቡርጉ ወደሚባለው በውኃ ውስጥ የሚበቅል ሣር ይወርዳሉ። የሚወርዱበት ቀን በየዓመቱ በስብሰባ ይቆረጣል። ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ የገበሬው ሩዝ ዘግይቶ ይደርሳል። ቶሎ ሲያቆም ደግሞ በደረቁ ምድር ያሉት ኩሬዎች ቀድመው ይነጥፋሉ። ሁለቱ በአንድ ዓመት ሲገጥሙ ከብቱ ያልታጨደ ሩዝ ላይ ይደርሳል። በወቅቱ የወደቀው ጠቅላላ ዝናብ እኮ ከወትሮው ብዙም ላያንስ ይችላል። ጠቅላላውን ብቻ የሚያይ ሪፖርት ዓመቱን «መደበኛ» ብሎ ያልፈዋል፤ መሬት ላይ ግን ማሳ ተበልቷል፣ ሰው ሞቷል። መከታተል ያለበት ዝናቡ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የመኸሩ ቀንና የከብቱ መነሻ ቀን ነው። የስብሰባው ቀጠሮ በትንበያው መሠረት ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢሸጋሸግ፣ ለመጠበቂያ የሚሆን መኖና ውኃ በደረቁ ምድር ቢዘጋጅ፣ የብዙ ማሳዎች ጠብ ሳይነሳ ይቀራል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሽማግሌና የሣር እስር ነው፤ ሻለቃ ጦር አይደለም።

ሁለተኛው ደረጃ የውኃ ጉድጓድ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ በበጎ ሐሳብ የሚሠራ ነገር እንዴት ጠብ እንደሚወልድ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነውና። በሰከንድ 1 ሊትር የሚሰጥ ጥልቅ ጉድጓድ በሰዓት 3,600 ሊትር ያወጣል። ፓምፑ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 28,800 ሊትር ይሆናል። በበጋ አንድ ላም በቀን 40 ሊትር ትጠጣለች ብንል፣ ጉድጓዱ የሚያረካው 720 ከብት ነው፤ ሰውንና ፍየልን ሳንቆጥር። በድርቅ ዓመት የሌላ አካባቢ መንጋ ተጨምሮ 3,000 ከብት ቢመጣ የሚያስፈልገው 120,000 ሊትር ነው። ፓምፑ ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ ከ33 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከብቱ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል፤ ወረፋው ሌሊትም ይቀጥላል። ወረፋውን የሚዳኝ ስምምነት ከሌለ የመጀመሪያው ጥይት እዚህ ሊተኮስ ይችላል። በዚህ መሐል ናፍጣ ካለቀ ወይም ጄኔሬተሩ ከተበላሸ በአንድ ቀን ውስጥ ሺህ የተጠማ ከብትና መሣሪያ የያዘ እረኛ በአንድ ቦታ ይከማቻል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ከብት ከውኃ ብዙ ርቆ መሰማራት ስለማይችል በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር ቀድሞ ይራቆታል። ለበጋ ተጠብቆ ይቆይ የነበረ ግጦሽ መሐል የተቆፈረ ጉድጓድ ያንን ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ ያስበላዋል፤ ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አይኖርም። ስለዚህ ከመቆፈሩ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ስምምነት ላይ መዋል አለበት፦ ባለመብቱ ማን ነው፤ እንግዳ መንጋ በምን ቅደም ተከተልና ክፍያ ይጠጣል፤ ጉድጓዱ በየትኞቹ ወራት ይዘጋል፤ ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት በስንት ቀን ይመጣል። እነዚህ ሳይመለሱ የሚቆፈር ጉድጓድ ከመቆፈሩ አለመቆፈሩ ይሻላል ብለን እናምናለን። ድርቁ ከገባ በኋላ በጥድፊያ የሚቆፈሩት ጉድጓዶች ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጊዜ የላቸውም።

ግጭትን የሚያቀጣጥለው ድርቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንዱን አካባቢ ፈጥኖ የሚያደርቀው ሙቀት ሌላውን በድንገተኛ ዶፍ ያጥለቀልቀዋል። በደቡብ ሱዳን ከ2019 ጀምሮ በተከታታይ የደረሰው ጎርፍ የጆንግሌይ ከብት አርቢዎችን ወደ ኢኳቶሪያ ገበሬዎች ምድር ገፋቸው፤ ማሳ ተረገጠ፣ ደም ፈሰሰ። በቤንቲዩ ከተማ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ተልዕኮ የምህንድስና ጓዶች ተፈናቃዮች የሰፈሩበትን ቦታና የአውሮፕላን ማረፊያውን የከበበውን የአፈር ግድብ ሌት ተቀን ሲያጠናክሩ ከረሙ። ያ ሥራ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ጠብቋል። የምንጠይቀው ነገር ከሰላም አስከባሪ አቅም በላይ እንዳልሆነም ያሳያል። ኢኳቶሪያ ላይ ግን ከብቱ ከመድረሱ በፊት ተቀባዩን ማኅበረሰብ ለማነጋገር ጊዜ ነበረ። ጎርፍ በሳተላይት ይታያል፤ ከብት በእግር ነው የሚሄደው።

ገበያውና የመንግሥት ውሳኔም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሶሪያ ከ2006 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት በድርቅ ስትመታ፣ የሰሜን ምሥራቁ ገበሬ ውኃ ከመሬት በታች እየሳበ ማሳውን ያጠጣ ነበር። ሜይ 2008 መንግሥት የናፍጣ ድጎማውን ሲያነሳ ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ፓምፑን ማንቀሳቀስ የማይቻል ሆነ። ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ድርቁ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ። ድጎማው በዚያ ሰዓት መነሳቱ ጉዳቱን እንዳባባሰው ግን አያጠራጥርም። በ2010 ክረምት ሩሲያን ሙቀት ሲያቃጥላት ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ እህል ወደ ውጭ መላክ አገደች፤ የስንዴ የዓለም ዋጋ በሚቀጥለው ዓመት መግቢያ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ያኔ የተጎዱት ከውጭ በሚገባ ስንዴ የሚኖሩና ሕዝባቸው አስቀድሞ የተከፋባቸው አገሮች ናቸው።

ማስጠንቀቂያው ለምን ተግባር እንደማይሆን እናውቃለን። የወቅት ትንበያ የሚወጣው ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ በሚል በሦስት የዕድል መጠን ተከፍሎ ነው። «ከመደበኛ በታች 55 በመቶ» የሚል ወረቀት የሚደርሰው ኃላፊ እርግጠኛ እስኪሆን ይጠብቃል፤ እርግጠኛ ሲሆን ከብቱ ሞቷል። የሜትሮሎጂው መረጃ ወደ ግብርና ቢሮ፣ የግጭቱ መረጃ ወደ ፀጥታ ክፍል ይሄዳል፤ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙም። የቆየ ተረክም ያሳስታል። የቻድ ሐይቅ በ1960ዎቹ ከነበረው ወደ 25,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት በ1980ዎቹ አብዛኛውን አጥቶ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን አንዴ ሲሰፋ አንዴ ሲጠብ ቆየ እንጂ በተከታታይ እየደረቀ አልሄደም። በዳርቻው ያለውን ሰው የሚያስቸግረው ይህ ተለዋዋጭነት ነው፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ገበሬና አርብቶ አደር በየተራ የሚጠቀሙበት አንድ መሬት ውኃው መቼ እንደሚሸሽ ሳይታወቅ ሲቀር ተራው ይፈርሳል። ሐይቁ እየጠፋ ነው ብሎ የሚነሳ ዕቅድ መፍትሔውን ከሩቅ ወንዝ ውኃ በመሳብ ይፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን የመሬት ተራውን የሚዳኝ አካል ነው።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለ፦ ዝናብ ሲዘንብ ማስጠንቀቂያውን መዝጋት። በሰሜን ኬንያ ማርሳቢት የተደረገ ጥናት በከብት ዝርፊያ የሚሞተው ሰው ከደረቅ ዓመት ይልቅ በዝናባማ ዓመት እንደሚበዛ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በድርቅ ወቅት ከብቱ ከስቶ ረጅም መንገድ መነዳት አይችልም፤ ተቀናቃኞችም አንድ ጉድጓድ ለመጋራት ይስማማሉ። ዝናቡ ሲመጣ ከብቱ ይጠነክራል፣ ቁጥቋጦው መደበቂያ ይሆናል፣ መንጋውን ያጣ ወጣት መተኪያ ይፈልጋል። ክትትሉ ከጥሩ ዝናብ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር መቀጠል አለበት።

አሠራሩ ይህን ይምሰል እንላለን። ለእያንዳንዱ ተልዕኮ አካባቢ ሦስት ምልክቶች አስቀድመው ይወሰኑ፦ የወቅት ትንበያው፣ በሳተላይት የሚለካው የዕፅዋት ልምላሜ ከብዙ ዓመት አማካዩ የወረደበት መጠን፣ አንድ ፍየል ተሽጦ የሚገዛው የእህል መጠን። ሦስተኛው ርካሽና ፈጣን ነው፤ በየሳምንቱ ከገበያ ይሰበሰባል፤ ቤተሰብ ከብቱን በጭንቀት መሸጥ መጀመሩን ቀድሞ ያሳያል። ከሦስቱ ሁለቱ ከተቆረጠው ልክ ሲያልፉ ገንዘቡ ያለ ተጨማሪ ስብሰባ ይለቀቅ። የመጀመሪያው ገንዘብ ፓምፕ ለመጠገንና ነዳጅ ለማስቀመጥ፣ አርብቶ አደሩንና ገበሬውን በመተላለፊያው መንገድ ላይ ለማነጋገር ይዋል። ቀጥሎ ከብቱ ሳይከሳ በደህና ዋጋ መግዛትና የቀረውን መከተብ ይመጣል። የሰላም አስከባሪ ቅኝት የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም መተላለፊያው መንገድ ላይ እንጂ ጉድጓዱ አፍ ላይ መሆን የለበትም። ወታደር የቆመበት ጉድጓድ ሴቶችን ያርቃል፤ ወታደሩ ሲነሳ ደግሞ ጉድጓዱ የጠነከረው ወገን ንብረት ይሆናል።

ዲሴምበር 13 ቀን 2021 አየርላንድና ኒጀር የአየር ንብረት ለውጥን ከፀጥታ ጋር አያይዘው ያቀረቡት የውሳኔ ረቂቅ 12 ድጋፍ ቢያገኝም፣ በሩሲያና በሕንድ ተቃውሞ፣ በቻይና ድምፀ ተዓቅቦ፣ የሩሲያ ተቃውሞ ውሳኔን የመሻር መብት ያለው በመሆኑ ሳይጸድቅ መቅረቱን እናውቃለን። የተቃዋሚዎቹ ሥጋት መሠረተ ቢስ ነው አንልም። የብክለት ኃላፊነት ጥያቄ ሁሉም አገር እኩል በሚቀመጥበት መድረክ መታየት አለበት፤ የአየር ንብረት ለውጥም የጣልቃ ገብነት ሰበብ መሆን የለበትም። እኛ የምንጠይቀው ግን ምክር ቤቱ አስቀድሞ የያዘውን ሥራ ነው። ስለ ቻድ ሐይቅ ተፋሰስ በ2017 ያጸደቃችሁት ውሳኔ 2349 እና በ2018 ስለ ረሃብና ግጭት ያጸደቃችሁት ውሳኔ 2417 በቂ መነሻ ይሆናሉ። በሶማሊያ የነበረው ተልዕኮ በ2020 የአየር ንብረትና ፀጥታ አማካሪ መድቦ መንገዱን ከፍቷል። አንድ አማካሪ ግን ያለ በጀትና ያለ ትእዛዝ ሪፖርት ጸሐፊ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የማንዴት እድሳት፣ በተለይም ለደቡብ ሱዳንና ለመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ተልዕኮዎች፣ የሚከተለው በውሳኔው የሥራ ክፍል ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን። ተልዕኮው ከአካባቢው የሜትሮሎጂ ማዕከላት ጋር በየወቅቱ መግቢያ የጋራ ግምገማ ያድርግ። የሲቪል ጉዳዮች ክፍሉ የከብት መተላለፊያ ድርድሮችን ከመኸር በፊት እንዲያጠናቅቅ የጊዜ ገደብ ይሰጠው። ዋና ጸሐፊው በየጊዜው የሚያቀርብላችሁ ሪፖርትም ምልክቶቹ ከልክ ያለፉበትን ቀንና ተልዕኮው እርምጃ የጀመረበትን ቀን ጎን ለጎን ያስፍር፤ በሁለቱ መካከል ስንት ቀን እንደባከነ በየሪፖርቱ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ በውኃና ግጦሽ አስተዳደር፣ በማኅበረሰብ ሽምግልና የተሰማራን ባለሙያዎች