ለደሴት ትራያትሎን የሚዘጋጁ አባላትን ይመለከታል

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፤

ኤክስቴራ የተባለው ከአስፋልት ውጭ የሚካሄድ ትራያትሎን እ.ኤ.አ. በ1996 በሃዋይ ማዊ ደሴት የተጀመረ ሲሆን፣ በሙሉው ርቀት ተወዳዳሪው 1.5 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በተራራ ብስክሌት ተጉዞ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መንገድ ይሮጣል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንኖር እኛ ለትንፋሹ ብዙም ባንሰጋም፣ በደሴት ላይ ባለው እርጥበት ባዘለ ሙቀት ላብ ቶሎ ስለማይተን ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ተጓዦች፣ አቅም እስከፈቀደ ድረስ፣ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ደርሳችሁ አየሩን እንድትላመዱ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚያሳስበው የውሃ ዋናው ነው፤ በገንዳ የለመደ ሰው ማዕበል መሃል ቀና ብሎ አቅጣጫውን መለየት ስለሚቸግረው፣ ይህን ባቦጋያ ሐይቅ ላይ እንለማመዳለን። ለብስክሌቱ እንጦጦ ይበቃናል።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ እንገናኝ።