ቆጥ ላይ የተረሳ ክራንች ካላችሁ

እማዬ የወደቀችው ከጓዳ እስከ ሽንት ቤት ባለችው አሥር እርምጃ ላይ ነው። ሐምሌ ነበር። የጅማን ሐምሌ ለጅማ ሰው አልነግርም። ጭቃው ነጠላ ጫማዋን ያዘው፤ እሷ ሄደች፣ ጫማው ቀረ።

ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ዳሌዋ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተቀይሮላታል። በወደቀችበት ቀን ብረቱ ንክች አላለም። የተሰበረው ብረቱን የያዘው የጭኗ አጥንት ነው። ሐኪሙ ራጁን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ነጩ ብረት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አጥንቱ ከብረቱ ጫፍ አጠገብ ሰያፍ ተሰንጥቋል። የአካፋ እጀታ የት እንደሚሰበር ታውቃላችሁ? ብረቱ ባለቀበት ነው። ይሄም እንደዚያ ነው። አጥንት ትንሽ ይለመጣል፣ ብረት አይለመጥም፤ ጫናው ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ይከማቻል። አጥንቱ በዕድሜ ከሳሳ ወይም ብረቱ ከላላ ደግሞ ቆሞ መውደቅ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ዳሌው ወይ ጉልበቱ የተቀየረ ዘመድ ካላችሁና ሲራመድ አዲስ የጭን ሕመም ከጀመረው፣ ሳይወድቅ በፊት ይታይ።

ጎረቤት ወጌሻ ይጠራ ብሎ ነበር። በክፋት አይደለም፤ ለወለምታ ስንቴ ደርሰውልናል። ብረት ያለበት ጭን ግን አይታሽም። ብረቱ ከረጋ አጥንቱ በጠፍጣፋ ብረት (ፕሌት) እና በሽቦ ይታሰራል፤ ከላላ ብረቱ ወጥቶ ረዘም ባለ ሌላ ይቀየራል። በነገራችን ላይ ሐኪሙ የድሮውን ብረት ዓይነትና መጠን ሲጠይቀኝ ወረቀቱ ጠፍቶብን ነበር። እናንተ ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የእማዬ በፕሌት ታሰረ። "ለሦስት ወር እግሯ ላይ ክብደት አታሳርፍ" ተባልን። ጉዱ የመጣው ቤት ስንገባ ነው። ቤት ያለው የጅማ በርጩማ ነው። ዝቅ ስለሚል ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ የተቀየረውን ዳሌ ሊያወልቀው ይችላል። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ዎከር፣ ተደግፈው የሚራመዱበትን ባለአራት እግር ብረት፣ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። ያገኘሁት ከሦስት ቤት ወዲያ፣ ቆጥ ላይ፣ ከቡና ጆንያ ሥር ነው። አባወራው ካረፉ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ይሄን ለእድሩ ነገርን። ለለቅሶ ድንኳንና ብረት ድስት የምንዋዋስ ሰዎች ለሕያው ሰው ዎከር መዋስ አያቅተንም አልን። ከድንኳን ማከማቻው አንድ ጥግ ተሰጠን። እስካሁን አንድ ዎከር፣ ሁለት ጥንድ ክራንችና ፍሬኑ የማይይዝ ዊልቸር አለን። የእድሩ አባል ያልሆነም በነፃ ይዋሳል፤ ሲድን ይመልሳል።

የጎደለን ብዙ ነው። መሃሉ ክፍት የሆነ የመፀዳጃ ወንበር እንፈልጋለን። የክራንች ጫፍ ጎማም እንፈልጋለን፤ እሱ ከተበላ ክራንቹ ራሱ ይጥላል። የሽንት ቤት መንገዶችን ለማስተካከል ጠጠር፣ አሸዋና ሲሚንቶ ያስፈልጋል። በያጅ የሆናችሁ ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ብረት ሥሩልን። ባለባጃጆች ዕቃ አድርሱልን። አዲስ አበባና ውጭ ያላችሁ የጅማ ልጆች፣ ለበዓል ስትመጡ ክራንች ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ብር የምትሰጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ሂሳቡ በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

ማከማቻው ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ነው። የተሰበረም ቢሆን አምጡ፣ እናስጠግነዋለን።