ጥርስ የያዘው ታሪክ፦ የሳይንስ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን የጥንት ሰዎችን ጤና ሲያጠና ከረመ። አፋር ጎረቤታችን ስለሆነች የድንቅነሽ ወሬ ለደሴ ልጅ እንግዳ አይደለም። እኛ ግን ያተኮርነው ዕድሜ ላይ ሳይሆን ኑሮ ላይ ነው። ምን ይበሉ ነበር? ምን ያማቸው ነበር? ማንስ ያስታምማቸው ነበር?

የጀመርነው በበግ መንጋጋ ነው። ለበዓል ከታረደ በግ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አመጣልን። ቀቀልነው፣ በበረኪና አጠብነው፣ በአጉሊ መነፅር አየነው። ሣር ሲያኝክ የኖረ ጥርስ ነውና ጫፉ ተሞርዷል፤ የተቦረቦረ ግን አንድም የለም። ልጆቹ ወዲያው የየራሳቸውን ጥርስ በመስታወት ማየት ጀመሩ።

«እንግዲያው የድሮ ሰው ጥርሱ አይበላም ነበር» ያሉ ነበሩ። እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም። ሞሮኮ፣ ታፎራልት ዋሻ የኖሩ ሰዎች እርሻ ሳይጀመር ስታርች የበዛበት የዛፍ ፍሬ ይመገቡ ነበር፤ ጥርሳቸውም ክፉኛ ተበልቷል። ዋናው ዘመኑ ሳይሆን ምግቡ ነው። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ስኳርም እዚሁ ላይ ተነሳ።

ከሁሉ የከበደኝ ስለ ረሃብ ያስተማርኩት ነው። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ሲሠራ ሕፃኑ በጣም ከተራበ ወይም ከታመመ ጥርሱ ላይ አግድም መስመር ይቀራል። አጥንት ራሱን ያድሳል፤ ኢናሜል አያድስም። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ባለው የዲክሰን ማውንድስ ጥንታዊ መቃብር፣ ሰዎቹ ወደ በቆሎ እርሻ ሲዞሩ ይህ መስመር በዝቶ ታይቷል። መስመሩ ያለባቸውም ባመዛኙ ቀድመው ሞተዋል። የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ በልጅነታቸው ያሳለፉ ሰዎች በየቤታችን አሉ። አንዲት ተማሪ «አያቴ ጥርስ ላይም ይኖር ይሆን?» አለችኝ። ሊኖር ይችላል አልኳት። የነፍሰ ጡርና የሕፃናት ምግብ ለነገ የማይባለው ለዚህ ነው።

በጣም ያከራከረን ድማኒሲ፣ ጆርጂያ አገር ያለው የቁፋሮ ቦታ ነው። ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ አንድ ጥርስ ብቻ የቀረው ሰው እዚያ ተገኝቷል። ድዱ ሥር ያለው አጥንት መሟሸሹ ጥርሱ ከረገፈ በኋላ ዓመታት እንደኖረ ያሳያል። ሰው አጉርሶት ይሆን? ግማሹ ክፍል «ያለ ሰው እርዳታማ አይኖርም» አለ። ሌላው «መቅኒና ለስላሳ ነገር ራሱ ፈልጎ ይበላል» ብሎ ድርቅ አለ። ተመራማሪዎቹም አልተስማሙበትም። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ።

ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ያሰብነው ጉዞ በበጀት ምክንያት ቀርቷል።

ለከርሞ የያዝነው ባይራን ነው። ጋሞ ውስጥ ሞታ ዋሻ የተገኘ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የዘረ መል ጥናት ከፍታን የለመደ አካል እንደነበረው ይጠቁማል። ከ2,400 ሜትር በላይ ለምንኖር ለእኛ ጥሩ ርዕስ ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ ሥነ ሕይወት ክፍል ብቅ በሉ።