በሬው ሳይሸጥ ድረሱላቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አጎቴ የፎገራ ገበሬ ናቸው። ክረምቱን ሩዝ፣ በጋውን በመስኖ ሽንኩርት ያመርታሉ። መጋቢት ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ዳሱ ሥር ሽንኩርት እንደ ጉድ ተከምሯል። ከላይ ያለው ማቆጥቆጥ ጀምሯል፣ ከሥር ያለው በስብሶ ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል። ደላላው የሰጣቸው ዋጋ ለነቃዮቹ የቀን ሒሳብና ለጆንያ እንኳ አይበቃም። «የሞተሩን ቤንዚን፣ ዩሪያውን፣ ዘሩንስ ማን ይክፈለኝ?» አሉኝ፣ ጣታቸውን እያጠፉ።

ዕዳውን ለመክፈል አንዱን በሬ ሸጡ። አሁን የሚያርሱት በመቀናጆ ነው፤ የቀረውን በሬያቸውን ከሌላ ገበሬ በሬ ጋር አጣምረው። ዝናብ ሲጥል ተራ መጠበቅ አለባቸው፤ ዝናብ ግን ተራ አይጠብቅም።

ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ይገዛል። ብር ከዶላር አንጻር ከረከሰበት ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተወዷል። ሽንኩርት ግን ሁሉም አንድ ሰሞን ስለሚነቅል ይረክሳል። መንገድ ከተዘጋማ አይሱዙም አይመጣም።

ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራም በ1997 ሲጀመር ከዓላማዎቹ አንዱ ገበሬው በክፉ ቀን ጥሪቱን ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነበር። መሥራት የሚችለው እርከን ሠርቶ፣ ችግኝ ተክሎ ይከፈለዋል፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ይደገፋሉ። በእኛው ደቡብ ጎንደር፣ እብናት፣ ስንቱን ቤት እንዳቆመ አውቃለሁ። ከእነሱ ተቀንሶ ለእኛ ይሰጠን አልልም። እንዲያውም ክፍያው በዘገየ ቁጥር ሰው አራጣ አበዳሪ እጅ ይወድቃል፤ በወቅቱ ይከፈላቸው።

ፎገራ ግን «ትርፍ አምራች» ነው። ሴፍቲኔት የሚገባው የምግብ እጥረት አለባቸው ተብለው በተለዩ ወረዳዎች ነው። ወረዳው ትርፍ ስላመረተ አጎቴ አተረፉ ማለት ነው? የሚታየው የወረዳው ስም ነው፤ የቤቱ ጓዳ አይታይም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የምርት ዋጋ ከወጪ በታች በወረደበት ዓመት፣ በትርፍ አምራች ወረዳም ቢሆን፣ የከሰረው ቤት እየተለየ ለ2 ወይም ለ3 ወር ድጋፍ ያግኝ። ሥራው ሞልቷል። ርብና ጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ሞልተው ማሳ ያጥለቀልቃሉ፤ ዳርቻቸው ይጠገን፣ የመስኖው ቦይ ይጠረግ፣ ለገበሬው ይከፈለው። የማዳበሪያ ዕዳው ለአንድ ምርት ዘመን ይራዘምለት።

ለአጎቴ ረፍዷል። ከማዶ ያሉት ጎረቤታቸው ግን ሁለቱም በሬዎቻቸው ገና ከደጃቸው ናቸው። የእሳቸውም ዕዳ ከአጎቴ አያንስም።

የፎገራ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ